የመጀመሪያ ሥራዬ ፈረስ ቤት ነው፤ ከመግባቴ በፊት ምን ልወቅ?

ጀማሪዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሰዎች ለግልቢያ የሚከራዩ ፈረሶች አሉ። እዚያ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከማለዳ ጀምሬ ልሠራ ተስማምቻለሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደመወዝ ነው። ብዙ ባይሆንም ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ የአባቴን ኪስ ከመጠበቅ ያድነኛል።

ችግሩ፣ ከፈረስ ጋር ያለኝ ትውውቅ በጥምቀት ዕለት ከዳር ቆሞ ከማየት አያልፍም። የግቢው ባለቤት «ሥራው ቀላል ነው፤ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማጽዳት። ከጎበዝሽ ግልቢያም ትማሪያለሽ» ብለውኛል። እናቴ ግን «ቢረግጥሽስ?» እያለች ሰንብታለች። የምጀምረው መጪው ቅዳሜ ነውና የምታውቁ ንገሩኝ። ምን ልልበስ? ተራጋጭ ፈረስ በምን ይለያል? ከባለቤቱ ጋር አስቀድሜ ልስማማበት የሚገባ ነገርስ አለ?

ፈገግታ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:31

ሒሳብ አያያዝ ተምረሽ ፋንድያ ልትቆጥሪ ነው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ! ግልቢያውን ግን ቶሎ አትጠብቂው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ካሉሽ በኋላ የሚያቀብሉሽ ልጓም ሳይሆን አካፋ ነው።

የጋማ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

ፈገግታ ለቀልድ ብሎት ነው እንጂ ፋንድያ መቁጠር እውነትም የሥራሽ ግማሽ ነው። በእንጦጦና በሱሉልታ መካከል ባሉ ግቢዎች ፈረስ ስጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሡኝ።

ጠዋት ስትደርሺ አካፋ ለማንሳት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጋጣው በር ላይ ቆመሽ እዪ። ጤነኛ ፈረስ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ፋንድያ ይጥላል። ሌሊቱን ስንት ቦታ ጥሏል? ደርቋል ወይስ ቀጥኗል? የማታው ድርቆሽ አልቋል? ባልዲው ጎድሏል? ከዚያ አቋቋሙን ተመልከቺ። አንዱን የኋላ እግር አሳርፎ ማንቀላፋት ያለ ነገር ነው፤ ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል። የፊት እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ካሳረፈ ግን የሚያመው ነገር አለ። ይህን አይቶ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከጠረግሽው በኋላ ግን ማስረጃው ሁሉ ከፋንድያው ጋር ወጥቷል።

ስትገቢ ድምፅሽን አሰሚ። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለተቀመጠ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የሚሰወሩበት ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ቦታና ከጭራው ኋላ ያለው ነው። በዚያ በኩል ድንገት የመጣ ሁሉ ለእሱ ጅብ ነው። በግራ ትከሻው በኩል ቀስ ብለሽ ቅረቢ። በኋላው ማለፍ ግድ ከሆነብሽ ወይ እጅሽን ዳሌው ላይ አሳርፈሽ ተለጥፈሽበት እለፊ፣ ወይ እግሩ ከማይደርስበት ርቀሽ ዙሪ። አጥንት የሚሰብረው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እርግጫው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

ተራጋጭ በምን ይለያል ላልሽው፣ ጆሮውን አንብቢ። ወደ ኋላ ዞር ያለ ጆሮ እያዳመጠ ነው። አንገቱ ላይ ተለጥፎ፣ አፍንጫው ተጨማድዶ፣ ጭራው እየተወነጨፈ ከሆነ ግን ከዚያ ጋጣ ውጪ። አንዳንድ ፈረስ በግ ነው፣ ኮርቻ ሲያይ ብቻ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ክፉ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ጀርባውን ዳስሺለት።

ስለ ልብስ፦ ጣት የሚሸፍን ጠንካራ የቆዳ ጫማ ወይም ቦቲ። ሸበጥ፣ የሚውለበለብ ነጠላ፣ ቀለበት፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ አራቱም እቤት ይቅሩ። ገመድ በፍጹም በእጅሽ ላይ አትጠምጥሚ። ፈረሱ ቢደነብር እጅሽን ይዞት ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ኮቴ ልምጣ፤ ብዙ ጀማሪ የሚፈራው እሱን ነው። ፊትሽን ወደ ጭራው አዙረሽ ትከሻውን ተጠግተሽ ቁሚ። እጅሽን ከትከሻው ጀምረሽ በእግሩ ጀርባ በኩል ሳታነሺ እያንሸራተትሽ አውርጂ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ጅማት ቆንጠጥ ስታደርጊው ራሱ ያነሳልሻል፤ ካላነሳ በትከሻሽ ገፋ አድርገሽ ክብደቱን ወደ ሌላው እግር አሻግሪው። መጥረጊያው ብረት ከተረከዝ ወደ ጣት ነው የሚሄደው፣ ወደ ራስሽ አትሳቢው። መካከሉ ላይ ሹል ሆኖ የሚወርድ ላስቲክ መሳይ ለስላሳ ክፍል አለ፤ እሱን አትውጊው፣ በግራና በቀኙ ያለውን ቦይ ግን አጥሪው። ስትጨርሺ አሽትቺ። ጤነኛ ኮቴ የጭቃና የሣር ሽታ አለው። ጥቁር ነገር እየወጣ የበሰበሰ ከሸተተ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ቆሞ ነው የከረመው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ይህን ሽታ በብዙው ታገኚዋለሽ።

እናት ነኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:05

ልጄ፣ እናትሽን ልደግፍ ነው የመጣሁት፤ ቅር አይበልሽ። ከእርግጫው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። «ከማለዳ» ስትዪ ስንት ሰዓት ነው? በሱሉልታ ዳርቻ ገና ሳይነጋ ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ከፈረስ በፊት ጅብ ታገኛለች፤ ይህን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ማታም ከ12 ሰዓት በፊት ቤትሽ ግቢ። ልብስ የምትቀይሪበት ቁልፍ ያለው ክፍልና መጸዳጃ ቤት መኖሩን ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ሌላ ሴት ሠራተኛ መኖር አለመኖሯንም ጠይቂ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ደስ የማይለው አሠሪ ካለ ከአሁኑ ይታወቅ።

የሥራ ውል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

ስለ ስምምነቱ የጠየቅሽውን ልመልስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ እንደሚችል ይቀበላል። በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የስምምነቱን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። የሙከራ ጊዜ አለ ከተባለ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። «መጀመሪያ በነፃ እየሠራሽ ትለመጃለሽ» የሚል ነገር ከመጣ የሙከራ ጊዜም ደመወዝ እንደሚከፈልበት አስታውሽ።

ከሁሉ በላይ ስለ ጉዳት ተነጋገሩ። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። አንድ ልብ በይ፦ አዋጁ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል አገልግሎት ሥራን አይሸፍንም። አንድ ሰው በመኖሪያ ግቢው ለራሱ ደስታ የያዘውን ፈረስ ብትጠብቂ ክርክር ሊነሳ ይችላል። የአንቺ ግን በገንዘብ የሚያከራይ ድርጅት ስለሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። እግረ መንገዴን፣ ይህን ክር የሚያነቡ ታናናሾች ካሉ፣ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ የሌሊት ሥራም አይፈቀድለትም።

ጋሼ ጋሪው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10

ልጄ፣ እኔ ሆለታ ላይ ጋሪ ነድቼ ልጆች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የጋማ ልጅ የጻፈው ሁሉ ደግ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ገጣባ ነው። የፈረስ ዕድሜ የሚያልቀው ጀርባው ላይ ነው። ኮርቻ ከመጫንሽ በፊት መዳፍሽን ከትከሻው አጥንት አንስቶ እስከ ወገቡ ድረስ እየተጫንሽ አሳልፊ። የሞቀ ቦታ፣ ያበጠ ቦታ፣ ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ ካለ ኮርቻው ዛሬ አይወጣም። የኮርቻውን ስር ልብስም አገላብጠሽ እዪ፤ የደረቀ ላብ ድንጋይ ሆኖ ይቆርጣል።

ድርቆሹንም አደራ። ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ነው፣ አሁን በጥቅምት አጨዳው እየተፋፋመ ነው፤ ሳይደርቅ የታሰረም በገበያው ይገባል። እጅሽን እስሩ ውስጥ እስከ ክንድሽ አስገቢ። ከሞቀሽ ወይም ነጭ አቧራ ይዞ ከወጣ ሻጋታ ነው። ላም ሳትጎዳ ልታልፈው ትችላለች፤ ፈረስ ግን ያስለዋል፣ ሆዱንም ይቆርጠዋል።

ላብ ላይ እያለ ውሃ አታጠጪው። እብጠት ካወጣ ደግሞ ቶሎ በጋለ ብረት ተኩሶ መገላገል ነው። እኛ እንዲህ ነው ያሳደግናቸው።

የእንስሳት ሐኪሟ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:25

ጋሼ፣ ስለ ገጣባና ስለ ድርቆሽ የጻፉት እኛ በትምህርት ቤት ከተማርነው የተሻለ ተገልጿል። በሁለት ነገር ግን ይፍቀዱልኝና ልሞግትዎ።

መተኮስ አያድንም። በደጋው ከተሞች በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የምናየው፣ በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚወጣው እብጠት ከፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ዝንብና የጋራ ዕቃ ናቸው። ሲተኮስ ሌላ ቁስል ከፈትንለት ማለት ነው። ጀማሪዋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ፈረሱን ለይታችሁ ሐኪም ጥሩ። ብሩሹ፣ ማሰሪያውና የኮርቻ ልብሱ ለእያንዳንዱ ፈረስ የየራሱ ይሁን። ባለቤቱ «ወጪ ነው» ቢሉ ብሩሽ ከፈረስ እንደሚረክስ ንገሪያቸው።

ስለ ውሃው፦ የሞቀ ፈረስ ውሃ መከልከል የለበትም። እየተራመደ በየመሀሉ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ተከልክሎ ቆይቶ በአንድ ትንፋሽ ባልዲ ሙሉ ከሚገለብጥ ይሻለዋል። በቀን 20 እና 30 ሊትር ውሃ ለአገራችን ፈረስ ብዙ አይደለም፤ ሥራና ሙቀት ሲበዛ ከዚያም ይጨምራል።

አሁን ሦስት ቁጥሮች ልስጥሽ፣ የሒሳብ ሰው ነሽና አትረሺያቸውም። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከመንጋጋው አጥንት ሥር ባለው የደም ሥር በጣትሽ ትቆጥሪዋለሽ። ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው፤ ጎኑን እያየሽ ቁጠሪ። ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ጤነኛ እያለ የየራሱን ልክ መዝግቢ፤ አንዱ ፈረስ 30 ላይ ይኖራል፣ ሌላው 42 ላይ። ሲያመው የምታወዳድሪበት ከራሱ ልክ ጋር ነው።

ጎኑን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ መሬቱን በፊት እግሩ ከጫረ፣ እየተኛ ከተነሳና ከተንከባለለ፣ ፋንድያም ካቋረጠ ሆዱን እየቆረጠው ነው። መኖውን አንሺለት፣ ሐኪም አስጠሪ። ዘይት፣ ቡና፣ አረቄ በጠርሙስ አፉ ውስጥ የሚያንቆረቁር ሰው ይመጣል፤ አስቁሚው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የተጋተው ደግሞ ወደ ሳንባው ከገባ ያለ ቁርጠቱ ይሞታል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ወቅት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚያሰጋበት ነው። የምታስተላልፈው በጣም ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ናት፤ የምትነቃው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ማበጥ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ምልክቶቹ ናቸው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ፈረሶቹ መቼ እንደተከተቡ ባለቤቱን ጠይቂ። ማታም ውጭ አታሳድሯቸው።

ለራስሽ ደግሞ ከቅዳሜ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከተቢ። ተሐዋስያኑ በፈረስ ፋንድያና በአፈሩ ውስጥ ይኖራሉ። ዝገት ያለው ምስማር ብቻ ነው የሚያስይዘው የሚባለው ልማድ ነው።

ጋሼ ጋሪው | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:02

ዶክተር፣ እብጠቱን በተመለከተ አንከራከርም፣ ያሉት ይሁን። ያኔ ሐኪም ያለው የት ነበር? የነበረን እሳት ብቻ ነው። ስለ ውሃው ግን አልተረታሁም።

አዊ ፈረሰኛ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:15

ከእንጅባራ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በመጣ ቁጥር ፈረስ ያለው ቤት ሁሉ ለፈረሱ የሚያወጣው ለራሱ ከሚያወጣው ይበልጣል። ንጉሡም መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ። ለምን አነሣሁት? እህቴ፣ የእነዚያን ፈረሶች ስም ጠይቀሽ ያዥ፤ ስም የሌለው ካለ አንቺ አውጪለት። በስሙ የሚጠሩት ፈረስ ገና ከበሩ ሲያይሽ ጆሮውን ያቆምልሻል።

ፈገግታ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:22

በቅሎ ካለችስ? አባቷን እንዳትጠይቂያት ብቻ።

ጀማሪዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ክሩን በሙሉ አስነብባኝ «እናት ነኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች። ሰዓቱ ተስተካክሏል፤ ቅዳሜና እሁድ የምገባው ከነጋ በኋላ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ የምወጣው ከ11 ሰዓት በፊት ነው። ስምምነቱን በአንድ ገጽ ጽፌ ወስጄላቸው ባለቤቱ ፈረሙልኝ፤ «የሒሳብ ተማሪ መቅጠር ጣጣ አለው» አሉ እየሳቁ። ክትባቱንም ተከትቤያለሁ።

አሁን ስለ ፈረሶቹ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦራዋ ባዝራ የሆድ ማሰሪያው ጠፍር ሲጠብቅ ዞራ ትናከሳለች። ጋሼ እንዳሉት መዳፌን ሳሳልፍ ከክርኗ ኋላ ጠጉሩ የተላጠ ቀይ ቦታ አገኘሁ፤ ጠፍሩ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ለባለቤቱ አሳየኋቸውና ለጊዜው ከግልቢያ ወጥታለች። ዳማው ፈረስ ሦስት ኮቴ ያነሳል፣ የግራ የኋላውን ግን እንቢ ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ምታው» ይለኛል፤ እኔ ግን አልመታም።

አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። እሁድ አንድ በጣም ግዙፍ ሰው መጥተው በዳማው ላይ ወጡ። ፈረሱ ሲነሳ ጀርባው ወደ ታች ሲለምጥ አየሁ። ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ አፍንጫው ተከፍቶ ትንፋሹን ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ። ወዲያው ሌላ ደንበኛ ተራ ይዞ ነበር። ይህ ልክ ነው? እኔስ ምን ማለት እችላለሁ?

የጋማ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ለእግሩ መጀመሪያ። ዱላ ከገባበት ሁለተኛ አያነሳልሽም። ምናልባት ያመዋል፤ ለሐኪም ሳይታይ አታስገድጂው። ካላመመው በየቀኑ ጥቂት ብቻ አንሥተሽ፣ ራሱ ሳይነጥቅሽ በፊት መልሰሽ አስቀምጪለት። ከፍ አድርገሽ ወደ ጎን አትሳቢው፤ ብዙው ፈረስ እንቢ የሚለው ዳሌውን ስለሚያመው ነው።

ስለ ክብደቱ፣ ይህ የፈረስ ኪራይ ሁሉ ቁስል ነው። ሰው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሚመጣ የሳምንቱ ገቢ በሁለት ቀን ይለቀማል፣ በአንድ ጀርባ ላይ። ሠራተኛው «አይሆንም» ቢል ደንበኛው ለባለቤቱ ይከስሰዋል። እኔም በዚህ ምክንያት ከአንድ ግቢ ወጥቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

የእንስሳት ሐኪሟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ ጋላቢውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ነው። ፈረሱ ከከሳ ወይም ካረጀ፣ መንገዱም ዳገት ከሆነ ከዚያም መውረድ አለበት። የእኛ ፈረሶች ትንንሾች ናቸው።

ሚዛን እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አይጠፋም። ደረቱን ከክርኑ ኋላ በትከሻው አጥንት ላይ አዙረሽ ለኪ። ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኪ፤ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዢ፣ በርዝመቱ አባዢ፣ ለ11,877 አካፍዪ። የሚመጣው በኪሎ ግራም ግምት ነው። ከእውነተኛው ሚዛን ትንሽ ይወጣል ይገባል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ጋሼ ጋሪው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:40

የዓድዋ ፈረሰኛ ከነጋሻውና ከነጦሩ፣ ስንቁንም ጭኖ ስንት ኪሎ ይሆን ነበር? ፈረስ አይደለም የተሸከመው?

አዊ ፈረሰኛ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

ጋሼ፣ የዚያ ዘመን ፈረሰኛ ዳገት ሲሆን ወርዶ ይስብ ነበር። በቅሎም ነበረው፤ መንገዱን በበቅሎ ይሄድና ፈረሱን ለውጊያው ይቆጥበው ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እያልን እንኳ ማድረሱንም በበቅሎ ነው ያቃለልንለት። የእሁዱ ሰውዬ በምሳ ላይ ነው የመጡት።

ጀማሪዋ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:10

ለካሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የእናቴን ሜትር ይዤ ሄድኩ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መጀመሪያ ሲስቅ ነበር፣ በኋላ ግን ሜትሩን ይዞልኛል።

ዳማው፦ ደረቱ 148፣ ርዝመቱ 138። ክብደቱ 254 ኪሎ ግራም ገደማ መጣ፤ 20 በመቶው 51። ቦራዋ፦ 141 በ132፣ 221 ኪሎ ግራም ገደማ፤ 20 በመቶው 44። ከሁሉ ትልቁ አምባላዩ፦ 160 በ148፣ 319 ገደማ፤ 20 በመቶው 64። የእኛ ኮርቻ ብቻውን 8 ኪሎ ይመዝናል፤ እሱን በሱቅ ሚዛን ነው የመዘንኩት። ስለዚህ ቦራዋ ብትድንም የምትችለው 36 ኪሎ የሆነ ሕፃን ነው። በልኩ ከሄድን ለትልቅ ሰው የሚሆን ፈረስ ግቢው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

በወረቀት ሠርቼ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው። ዝም ብለው ብዙ ካዩት በኋላ «ይህን ለደንበኛ ካሳየን ማን ይመጣል?» አሉ። እኔም በምትኩ ያሰብኩትን ነገርኳቸው፦ ከበድ ያለ ሰው በአምባላዩ ብቻ ይውጣ፣ ዳገቱን ትቶ በሜዳው ይዙር፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላም ትንፋሹ ወደ ልኩ እስኪመለስ ተራ አይሰጥ። የመጨረሻውን ተቀብለዋል። ሁለቱን «እናያለን» ብለዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ነው።

የሚገርመው ግን ዛሬ ደውለው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትልቅ ፈረስ ሊገዙ እንደሆነ ነገሩኝ፤ «ሜትርሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ጋሼ ጋሪው፣ ከሜትሩ ሌላ ምን ልይ?

የሥራ ውል | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:35

የገበያው ቀን የሥራ ቀንሽ ካልሆነ ስለ ክፍያው ከመሄድሽ በፊት ተነጋገሩ።

ጋሼ ጋሪው | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:20

እንኳን ጠየቅሽኝ፣ ልጄ። መጀመሪያ ሻጩ ሳይጋልበው አይተሽ፣ ከዚያ አስጋልቢው። በገበያ ቀን ሳይሞቅ የሚያነክስ፣ ሲሞቅ የሚደብቅ ብዙ አለ። በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይምጣልሽ፤ በታመመው የፊት እግር ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ይጥላል። አራቱንም ኮቴ አንሺ፣ አሽትቺ፤ ያን ደግሞ ከተማርሽ በኋላ አንቺን ማንም አያታልልሽም። ጥርሱን ክፈቺ፦ የፊት ጥርሶቹ ከጎን ሲታዩ ቀጥ ብለው ከገጠሙ ወጣት ነው፣ ወደ ፊት ካጋደሉ አርጅቷል፤ ሻጩ «ስድስት ዓመቱ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሩጫውን ሲያቆም ጆሮሽን አፍንጫው አጠገብ አድርጊ፤ ሳል ካለበት እዚያ ላይ ይሰማሻል።

በመጨረሻ ኮርቻውን አስወርደሽ ጀርባውን ከፀሐይ ጋር ተመልከቺ። በዳማ ወይም በጥቁር ጠጉር መሀል፣ ከትከሻው አጥንት ግራና ቀኝ፣ ነጭ ጠጉር የበቀለበት ቦታ ካየሽ የዳነ ገጣባ ነው። ሻጩ «ሲወለድ ጀምሮ ነው» ይልሻል። ጫን ብለሽ ዳስሺው፤ ካላንቀጠቀጠ ይገዛል፣ ዋጋውን የምታስቀንሱትም በእሱ ነው።